ያረጋል እንዳለው

በቀበሌያችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤተልሔሙ በር ላይ ስሜ ተጽፏል። ስሙ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚጻፍለት ሰው ወይ ጣሪያ ያለበሰ ነው፣ ወይ ደወል የገዛ። እኔ አንዲት ምስማር አልሰጠሁም። ስሜ የተጻፈው ስለዋሸሁ ነው። መገበሪያ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ስንዴውን ከማስረከቡ በፊት ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለው የሚችለውን ይጠይቃል። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብላ ባለች ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። እዚህ ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ጠባዬንም አውቃለሁ። ጠባዬ ክፉ ነው። በሰው ፊት መታረም አልወድም። ተማሪ ሳለሁ መምህር ከሰሌዳ ፊት ካረመኝ ቤቴ ገብቼ እራት የማልበላ ሰው ነበርሁ፤ መምህሩ የተጎዳ ይመስል።

የቂርቆስ ጫካ ትልቅ አይደለም። በዙሪያው በቆሎና ባሕር ዛፍ ከቦት፣ ዋርካውና ጽዱ ከቅጥሩ ውስጥ ተሰብስበው ይኖራሉ። በዚህ ጫካ ውስጥ አንዲት ቢራቢሮ ነበረች። ጥቁር ናት፤ በክንፎቿ መካከል አረንጓዴ የቀላቀለ ወርቃማ ጥለት ስላላት ሰዉ ባለካባዋ ይላታል። ልጇ፣ ማለትም አባጨጓሬዋ፣ የሚበላው ልምጭ የሚባለውን፣ ለጥርስ መፋቂያ የምንሰብረውን ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ያውም ለጋ ቅጠሉን። ቅጠሉ ከጠና አይነካውም።

የዚህችን ቢራቢሮ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያውቁት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ናቸው። እኛ የኔታ እንላቸዋለን። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት በወጣትነታቸው ለአገልግሎት ሲመጡ፣ ባለካባዋ ለዘመነ ጽጌ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከጫካው ትወጣ ነበር። ጽጌን የምታበስር እያሉ ወደዷት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ መጀመሪያ የታየችበትን ቀን ራሳቸው ባዘጋጁት ቀለም፣ በብርዕ፣ በቤተልሔሙ በር ላይ ይጽፋሉ። ከላይ ጀምራችሁ ስታነቡ መስከረም ፳፬፣ መስከረም ፳፭፣ መስከረም ፳፫ እያለ ይወርዳል። ወደ በሩ መሐል ስትደርሱ መስከረም ፭ ይላል። ዝቅ ሲል ጳጉሜ ፪። ከዚያ ነሐሴ ፲፮። እኔ ያንን በር ስንት ጊዜ እያየሁ አልፌአለሁ! ስለ አየር ጠባይ ለውጥ ለገበሬው በየስብሰባው እለፈልፋለሁ፣ ከራሴ ቀበሌ በር ላይ የተጻፈውን ግን አላነበብሁም።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዝናቡ አታለለን። በሚያዝያ መጨረሻ መጣ፣ ሰዉ ደስ ብሎት በቆሎ ዘራ፣ ከዚያ ለሦስት ሳምንት ጠፋ። ባለካባዋም እንደ ሰዉ ተታለለች። በግንቦት ወጣች። የኔታ ቤተልሔሙ ደጅ ጠርተው ነገሩኝ።

«በግንቦት ወጣች፣ ልጄ። ጫካው ውስጥ ያለው ልምጭ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ከታች ቦዩ ዳር ያለው የልምጭ አጥር ብቻ ውኃ አግኝቶ ለምልሟል። እንቁላሏን የጣለችው እዚያ ነው። እዚያ ካልሆነ የትም የላትም። አጥሩ ካንተ ሠርቶ ማሳያ በቆሎ ጎን ነው፤ አደራኽን።»

«አይስጉ የኔታ፤ እኔ እያለሁ!» አልሁ። እኔ እያለሁ። ይችን ቃል ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

በሰኔ መጤ ተምች በቆሎውን ወረረው። ዘመቻ ታወጀ። ገበሬው በየማሳው ተሰልፎ ትል ይለቅማል፣ ያልተለቀመውን በጀርባ መርጫ እንረጫለን፣ በየማታው ሪፖርት ይላካል። የእኛ ቀበሌ ዘግይቷል ተብሎ ሁለት ጊዜ በስልክ ተወቅሼ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንግዶች ከበላይ መጡ። በመኪና። ሰዉ ሁሉ ሠርቶ ማሳያዬ ላይ ተሰበሰበ። እኔም ኮፍያዬን አስተካክዬ፣ የመጤ ተምች መለያው ግንባሩ ላይ ያለው የተገለበጠ የፈረንጅ ፊደል መሆኑን፣ ጅራቱ ላይ አራት ነጠብጣብ እንዳለው፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚራባ አስረዳሁ። ጥሩ አስረዳሁ። ከእንግዶቹ ዋናው ራሱን ሲነቀንቅ አየሁትና ይበልጥ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

በዚህ መሐል ጋሽ ዳኘው፣ የሠርቶ ማሳያዬ ጎረቤት የሆነ ገበሬ፣ መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ ከቦዩ ዳር ተጣራ።

«ባለሙያው! እዚኸ አጥሩ ላይም ሞልቷል እኮ!»

እንግዳው ወደ አጥሩ ሄደ። እኔም ተከተልሁት። ልምጩ ላይ አረንጓዴ፣ ወፍራም አባጨጓሬ ተለጥፏል፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ በየቅጠሉ።

«ይኼም ተምች ነው?» አለኝ እንግዳው።

አውቄ ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የኔታ የነገሩኝ በዚያች ሰዓት አፍንጫዬ ሥር ነበር። ነገር ግን ዘግይታችኋል የተባልሁ ሰው ነኝ፣ ሰዉ ቆሞ ያየኛል፣ «ቆይ ልየው» ብል ያላወቅሁ እመስላለሁ። እናም ሳላስብ፣ «አዎ። ከማሳው ሸሽቶ አጥር ውስጥ የሚደበቀው ይኼ ነው፤ ዋናው አደገኛው» አልሁ። አደገኛው ያልሁት ከየት አምጥቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እንግዳው ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

መርጫ የተሸከሙት ሰዎች ወደ አጥሩ ሲዞሩ የኔታ በዘንጋቸው መሬቱን እየዳበሱ መጡ። ያኔ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ነበር፤ ሌላኛው ግን ያያል። ከልምጩ ላይ አንዲት ቅጠል ከነአባጨጓሬዋ ቀንጥበው በመዳፋቸው ያዙ።

«ያረጋል፣ ልጄ፣ ይኸ ተምች አይዶለም።»

«ነው የኔታ።»

«እሺ፣ ያስተማርኸን ምልክት የታለ? ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ፊደል አለው ብለኸን አልነበር? እስቲ ግንባሩን አሳየኝ።»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። አጉሊ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ኪሴ ከትቼ ጨበጥሁት፤ ግን አላወጣሁትም። ባወጣው ፊደሉ እንደማይኖር አውቃለሁ። ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። ያ የታረመ ተማሪ ተመልሶ መጣና በእኔ አፍ ተናገረ፤

«የኔታ፣ እርስዎ ቅኔዎን ያስተምሩ፤ ትሉን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ሰዉ ሳቀ። እንግዳው ከሁሉ ጮክ ብሎ ሳቀ። የኔታ በሁለት ስንኝ ቅኔ አገር የሚያዋርዱ ሰው ናቸው፤ ቢፈልጉ ኖሮ እኔን እስከ ልጅ ልጄ የሚነገርብኝን ነገር በዚያች ቅጽበት ጥለውብኝ በሄዱ ነበር። እሳቸው ግን «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ። ቅጠሏን ከነአባጨጓሬዋ ቀስ አድርገው አጥሩ ላይ መልሰው አስቀመጡና ዞረው ሄዱ። አባጨጓሬዋ ተቆጥታ ከራሷ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አወጣች፤ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ሽታ ሸተተን። በዚያም ተሳቀ። ከዚያ አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ተረጨ።

በነጋታው ጧት ማንም ሳይኖር ሄድሁ። ከአጥሩ ሥር ረግፈዋል። አንዷን አንሥቼ አሁን መነጽሩን አወጣሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ግንባሯ ንጹሕ ነበር፤ ምንም ፊደል የለበትም። ሌላ አነሣሁ፣ ሌላም። ስልሳ ምናምን ስደርስ ተውሁት። ለየኔታ ሄጄ «ልክ ነበሩ» ማለት ነበረብኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄጄ፣ ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ ተመለስሁ። ጸሎት ላይ አልነበሩም፤ ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ።

ከወር በኋላ ቡሬ ላይ በተደረገ ስብሰባ «በዘመቻው አርአያ የሆነ ባለሙያ» ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አጨበጨቡልኝ። ያንን ወረቀት ቤቴ አምጥቼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥሁት፤ እስካሁንም እንደዞረ ነው።

መስከረም ሲጠባ የየኔታ ሁለተኛ ዓይን በሞራ ተሸፈነ። ሰውና ዛፍ አይለዩም ነበር። ሆኖም ከቅዳሴ በኋላ ቤተልሔሙ ደጅ ድንጋይ ላይ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ይቀመጣሉ። ስለ ሰኔው ነገር አንዲት ቃል አንሥተውብኝ አያውቁም። ቢያነሡብኝ፣ ቢረግሙኝ፣ እንዴት በቀለለኝ! እኔ ሳልፍ በኮቴዬ ይለዩኝና፣

«ያረጋል፣ አየኻት?» ይሉኛል።

«ገና ነው የኔታ።»

«በግንቦት ወጥታ ስለነበር ይኾናል። የተረፉ ልጆቿ ግን ለጽጌ ይደርሳሉ። አንተ ዓይን አለኸ፤ ተመልከትልኝ።»

በየቀኑ ተመለከትሁላቸው። ጫካውን ዞርሁ፣ ቦዩን ወረድሁ። ነጭ ቢራቢሮ አለ፣ ቢጫ አለ። ጥቁር የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ገና ነው» አልሁ። እሳቸውም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያነሱ ሄዱ፤ ቁርሳቸውን ሳይነኩ ለሌላ መስጠት ጀመሩ። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤

«ምናልባት በእኔ ኃጢአት ይኾናል። ዓይኔንም የነሣኝ፣ እሷንም የነሣኝ አንድ ነው።»

በእሳቸው ኃጢአት! ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አፌን ከፈትሁ። «የኔታ፣ እኔ ነኝ የገደልኋት» ልል ነበር፤ እምላለሁ ልል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አየኋት የኔታ።»

«መቼ?»

«አሁን። ዋርካው ሥር።»

መስከረም ፳፭ ቀን ነበር። ከድንጋዩ ብድግ ሲሉ ዘንጋቸው ወደቀ። መሬት ሳሙ። «ወደ ሥርዓቷ ተመለሰች! ወደ ቀኗ ተመለሰች! ምሕረት መጣ!» እያሉ አለቀሱ። እኔ ለካ ቢራቢሮ ብቻ ሳይሆን ዘመንም መልሼላቸዋለሁ። ቀለማቸውን አስመጡ፤ በእጃቸው የመጨረሻውን መስመር ዳብሰው ከሥሩ ጻፉ። ፊደሉ ትንሽ ተጣመመ እንጂ ይነበባል፤ «በ፳፻፲፭ ዓ.ም. መስከረም ፳፭ ባለካባዋ ወጣች።» አስነበቡኝ። አነበብሁላቸው። በእሑድ ጉባኤም ሰዉ ፊት አስነሥተው፣ «እኔ ዕውር ስሆን ዓይን የሆነልኝ ያረጋል ነው» ብለው መረቁኝ። አሜን ተባለ። እኔም አሜን አልሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ከበደ። ከቤተልሔሙ ፊት ላለማለፍ በገደሉ በኩል ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመርሁ። ጋሽ ዳኘው «ባለሙያው፣ ምነው ከሳኽ?» ሲለኝ ጨጓራ ነው አልሁት። ሌላ ውሸት።

በዚያው ዓመት በግንቦት ማርያማዊት የምትባል ተመራማሪ ከባሕር ዳር መጣች። ስለ ቢራቢሮ ነው የምታጠናው። ወጣት ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ትልቅ ቦርሳ አዝላ ከአስፋልቱ በእግሯ ገባች። ባለካባዋ በዓለም ላይ በሁለት ጫካ ብቻ እንደታየች የነገረችን እሷ ናት። አንደኛው የእኛ ቂርቆስ ነው። ሁለተኛው ከፈረስ ቤት በላይ ደጋው ላይ ያለ ትንሽ ጫካ ነው፤ እዚያ አምና ጥቂት ታይተዋል።

«ሙቀቱ ወደ ላይ እየገፋት ነው» አለች። «እንዳትወጣ ደግሞ ከጫካው በላይ ያለው ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። ዝናቡ ጊዜውን ሲያዛባ እሷ ትወጣለች፣ ቅጠሉ አይወጣም።»

ከዚያ በሩን አሳየናት። ከላይ እስከ ታች አነበበች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በስልኳ መስመር በመስመር ፎቶ አነሣች።

«የኔታ፣ እርስዎ ምን እንደሠሩ ያውቃሉ? እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም! አርባ አምስት ዓመት!» የመጨረሻዋን መስመር ስታይ ጣቷን አሳረፈችባት። «ዘንድሮ መስከረም ፳፭? ተመልሳለች ማለት ነው? እንዲህ ከሆነ የእኛ ሥራ እዚህ ነው። ወደ ፈረስ ቤት ልሄድ ነበር፤ የዚያን እንቁላልና አባጨጓሬ ሰብስቤ በመጠለያ ላሳድግ። ግን ያለሁት ብቻዬን ነው፣ ጊዜውም ለሁለት ቦታ አይበቃም። እዚህ በሕይወት ካለች የምጠብቀው እዚህ ነው።»

«አለች። ያረጋል በዓይኑ አይቷታል» አሉ የኔታ።

ወደ እኔ ዞረች። «እውነት አይተዋታል፣ አቶ ያረጋል?»

ጫማዋን አየሁ። «አዎ» አልሁ።

ማርያማዊት በጫካው ውስጥ አሥራ አንድ ጧት ተቀመጠች። በየልምጩ ሥር ተንበርክካ ቅጠል ትገለብጣለች፣ ትጽፋለች፣ ምንም የለም። እኔም አብሬያት እገለብጣለሁ! ምንም እንደሌለ እያወቅሁ ከጎኗ ተንበርክኬ ቅጠል የማገላብጥ ሰው ምን ይባላል? በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤተልሔሙ ደጅ ከየኔታ ጎን መጥታ ቁጭ አለች። ፊቷ ጠቁሯል።

«የኔታ፣ ምናልባት እኔ ማየት አልችልበት ይሆናል። ሥራውን ለሌላ ሰው ብሰጥ ሳይሻል አይቀርም።»

የኔታ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ተስፋ አትቁረጪ፣ ልጄ። ያረጋል ካየ አለች። እሱ ሐሰት አይናገርም።»

ጋሽ ዳኘው በዚያን ጊዜ መገበሪያ ስንዴ ተሸክሞ ደጁ ደርሶ ነበር። እሱ ባይኖር እመርጥ ነበር። ግን በሰው ፊት ያጠፋሁትን በስውር ልናዘዝ ማለት ሌላ ውርደት መሰለኝ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ስለ መነጽሩ፣ አጥሩ ሥር ስለረገፉት፣ ስለ መስከረም ፳፭። ስናገር ድምፄ እንደ ስብሰባ ላይ ድምፄ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ በዚያም አፈርሁ።

ማርያማዊት ተነሣች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «አሥራ አንድ ቀን» ብቻ አለችኝ። ቦርሳዋን አዝላ በዚያው ሰዓት ወደ አስፋልቱ ሄደች፤ ከደምበጫ መኪና ይዛ ፈረስ ቤት ልትወጣ። ጋሽ ዳኘው ስንዴውን መሬት አስቀምጦ፣ «እኔን አስረጭተኸኝ!» አለ። «በእኔ እጅ! እንዲያው እኔን ምን በደልሁኽ?» የኔታ ዘንጋቸውን ፈልገው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በአራተኛው ቀን ማርያማዊት ደወለች። ደጋው ላይ ከአምስት ቀን በፊት ከባድ በረዶ ጥሎ ነበር። በግንቦት እንዲህ ያለ በረዶ የአገሩ ሽማግሌ አያስታውስም። ልምጩ ቅጠል አልባ ሆኖ ቆሟል። ሥሩን ስትፈትሽ የተቀጠቀጡ አባጨጓሬዎች አግኝታለች፤ ጭራሮ ላይም ሁለት ባዶ ሙሽሬዎች፣ ቢራቢሮዋ ወጥታ የሄደችባቸው። የት እንደሄዱ አይታወቅም። ከመጀመሪያው ቀን ሄዳ ቢሆን ኖሮ አባጨጓሬዎቹ መጠለያ ውስጥ ይሆኑ ነበር። ይህን እሷ አላለችም፤ ቀኖቹን ቆጥሮ ማወቅ ግን አያቅተኝም።

ለየኔታ ስነግራቸው፣ «በሩ ጋ ውሰደኝ» አሉ።

የቀለም ቀንዳቸውን ይዘን ሄድን። እኔ ቢላዋ አመጣሁ፤ ያችን መስመር ልፍቃት፣ ከእንጨቱ ላይ ላጥፋት።

«ተው። ይኸ በር ላይ የተጻፈ ተፍቆ አያውቅም» አሉ። «ብትፍቀው ቦታው ይጎደጉዳል፤ የኋላ ሰው ምን ነበር ብሎ ሲጨነቅ ይኖራል። እኔ ባላየሁት መጻፌ ጥፋት ነው፤ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን በር ላይ መጻፍ አልነበረብኝም። የሰማ ሰው ማን እንዳለው ይጽፋል። እንካ ብርዑን። እጅኽ ይጻፍ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ የኔታ?»

«ያልኸው አንተ አይዶለኽ? እንዳለው በል።»

ከመስመሯ መጨረሻ፣ «ያረጋል እንዳለው» ብዬ ጻፍሁ። በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከእሳቸው ያንሳል፣ ግን ይነበባል። «በሰው ፊት ያዋረድኸኝን በዚያው ቀን ይቅር ብየኻለሁ» አሉኝ ሲመለሱ። «ይኸኛው የእኔ አይዶለም፤ ይቅር የምልበት ሥልጣን የለኝም።»

ከዚያ ወዲህ መንገዱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ማርያማዊት አልተመለሰችም። እኔ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ልምጭ ተከልሁ፤ በበጋ በባልዲ አጠጣዋለሁ። በየመስከረሙ ጧት ጧት ዋርካው ሥር እቀመጣለሁ። በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት አላየሁም፤ አላየሁም አልሁ። በአሥራ ሰባትም እንዲሁ። የኔታ እነዚያን ዓመታት እንዲህ አስጻፉኝ፤ «አልታየችም።» ከዚያ በታች ባዶ እንጨት ነበር።

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ መስከረም ፳፬ ቀን፣ ፀሐይ ከጽዱ ጫፍ ብቅ ስትል አየኋት።

ከተከልሁት ልምጭ ላይ ነበረች። ክንፏን ዘርግታ እየሞቀች፣ ወርቃማው ጥለት እርጥብ ይመስላል። አንዱ ክንፏ ጫፉ ተቀዷል። ከሦስት ክንድ አይርቅም። መብራት ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ስልኬ ሞቷል። ዞር ብዬ ሰው ፈለግሁ፤ ጫካው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። «ጋሽ ዳኘው!» ብዬ ጮኽሁ። አልሰማኝም። ቅጠሉ ላይ ሆዷን ነካ ነካ አደረገችና ተነሥታ ከጽዱ በላይ ወጣች፣ ወደ ደጋው አቅጣጫ። ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት፤ ምንም አልተጣለበትም።

ሮጥሁ። የኔታ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። ኮቴዬን ሰምተው ፊታቸውን አነሡ።

«የኔታ፣ አየኋት! ባለካባዋን! በእግዚአብሔር ስም፣ አሁን አየኋት!»

ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በራ። እጃቸው ሳይታዘዝ ቀለሙን ፈለገ፤ ብርዑን ነከሩት። በግራ እጃቸው በሩን ዳብሰው ከመጨረሻው መስመር ሥር ደረሱ። ብርዑ እንጨቱን ነካ። ከዚያ ቆመ።

«ከአንተ ጋራ ማን ነበር?»

«ማንም የለም።»

«ፎቶ?»

«ስልኬ ሞቷል የኔታ።»

ብርዑን ከበሩ ላይ አነሡት።

«እኔ አምኜኻለሁ፣ ልጄ። እንደዚህ ሮጠኽ አታውቅም። በሩ ላይ ግን አልጽፈውም።»

ምክንያቱን አውቃለሁ። ሆኖም እንደ ሞኝ፣ «ለምን?» አልሁ።

«ከላይ ያለውን አንብብልኝ።»

አነበብሁላቸው። በ፳፻፲፭ ዓ.ም. መስከረም ፳፭ ባለካባዋ ወጣች፤ ያረጋል እንዳለው። እሳቸው አለቀሱ፤ ያለቀሱት ለእሷ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኋቸውም።

በዚያው ቀን ጋሽ ዳኘው ቤት ሄጄ ደጁ ላይ ቆምሁ። ሁለተኛ ምስክር እንዲሆነኝ፣ ጧት ጧት አብሮኝ እንዲቀመጥ ለመንሁት። ከዚያ ከግንቦት ወዲህ ሰላም አይለኝም ነበር። ያም ሆኖ ነጠላውን አንሥቶ ተከተለኝ። እስከ ጽጌ ማብቂያ፣ እስከ ኅዳር ፭ ድረስ፣ ማሳው እየጠበቀው፣ ሳይናገረኝ ከጎኔ ተቀመጠ። አልተመለሰችም።

በሩ ላይ ከመጨረሻው «አልታየችም» ሥር አንዲት የቀለም ነጥብ አለች፤ ብርዑ ነክቶ የቆመባት። መገበሪያ የሚያመጡ ሰዎች ስሜን አንብበው ሲጨርሱ እሷን በጣታቸው ያሳዩኝና ምንድን ናት ይሉኛል።